ጠረጴዛው ተንበረከከ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ድንኳን አከራይዋ እትዬ ናቸው። «ጠረጴዛህ እኮ ተንበረከከ!» አሉኝ። ከኋላቸው ከበሮ ይመታል፣ ሰው ይጯጯሃል። መጀመሪያ የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር።

ጎንደር ውስጥ ጥር ሲገባ ለበያጅ እንቅልፍ የለም። ጥምቀት እንዳለፈ ሰርጉ ይነሣል፤ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ድንኳንና ወንበር የሚያከራይ ሰው ፋታ አያገኝም። እትዬም ቀደም ብለው፣ በታኅሣሥ ወር፣ ሃያ ተጣጣፊ ጠረጴዛ አዝዘውን ነበር። የምንሠራው ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ካለች ጠባብ ቤት ነው።

ተጣጣፊ ጠረጴዛ ሲያዩት ቀላል ነገር ይመስላል። ከላይ ኮምፔንሳቶ፣ ከሥሩ የቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት፣ ፍሬም፣ በየጫፉ አንድ አንድ ጥንድ እግር፣ በቃ። የሚያስቸግረው ልኩ ነው። ገበታው 180 ሳንቲም ነው፤ እግሩ ከማጠፊያው በታች 71። ሁለቱ እግሮች ወደ ውስጥ ሲተኙ 142 ይፈጃሉ። ስለዚህ ማጠፊያውን ከየጫፉ 18 ሳንቲም ገባ አድርጌ ተከልሁት፤ መሐሉ 144 ቀረልኝ። እግሮቹ በ2 ሳንቲም ተራርቀው አፍ ለአፍ ገጥመው ተኙ። በዚህች ስሌት ኮርቼ ሳምንት ሙሉ ሳወራት ከረምሁ። ለካስ ጉዱ ሌላ ቦታ ነበር።

የተዘረጋውን እግር ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ከእግሩ ወደ ገበታው ሥር በሰያፍ የሚሄድ ጠፍጣፋ ብረት ነው። ሁለት ቁራጭ ሆኖ መሐሉ ላይ በሪቬት፣ እንዲተጣጠፍ በሚያደርግ የብረት ካስማ፣ ይያያዛል። እኛ ቤት «ጉልበት» እንለዋለን። አማርኛ ስም ያለው ዕቃችንም እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ሌላው የብሎኑ ማሰሪያ ዳዶ ነው፣ ብረት ጨምድዶ የሚይዘው ሞርሳ ነው። ጣሊያን በኅዳር 1934 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ ስሞቹን ትቶልን ነው የሄደ።

ጉልበቱ ከልክ በላይ እንዳይሄድ ትንሽ ማቆሚያ ይበየድበታል። እኔ አንዱን ለካሁና የሃያውን ጠረጴዛ 40 ጉልበት በዚያው ልክ በየድሁ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ወጥቼ ቆምሁበት። ረዳቴም ወጣ። ንቅንቅ አላለም። ተረከቡን።

አዘዞ ሰርግ ቤት የሆነው እንዲህ ነው። ፀሐይ ሲመጣባቸው ጊዜ አስተናጋጆቹ ድስቱን ሳያወርዱ ጠረጴዛውን በአንድ ጫፍ ይዘው ወደ ጥላ ጎተቱት። በሚጎትቱት በኩል ያለው እግር መሬት ያዘውና ወደ ውስጥ ታጠፈ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ቀይ ወጡ ግን ከሙሽራው አክስት ነጠላ ላይ ነው ያረፈው።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ፣ አሠሪዬ፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ጠረጴዛውን ገለበጡት። ከላይኛው ሪቬት እስከ ታችኛው ክር ወጠሩ። የመሐሉ ሪቬት ክሩን ሊነካ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ቀርቶታል። የብየዳዬ ጠብታ ማቆሚያው ላይ ተከምሮ ጉልበቱን ቀድሞ ይዞታል።

«ቁም እስኪ» አሉኝ። «ጉልበትህን ትንሽ እጠፍ።»

አጠፍሁ። ትከሻዬን ሲጫኑኝ ቁልቁል ወረድሁ።

«አሁን ወደ ኋላ ገትረው።»

ገተርሁት። ተጫኑኝ፤ አልወረድሁም።

«ይኸውልህ» አሉና ወደ ሻያቸው ተመለሱ።

እኔና ረዳቴ ላዩ ላይ ስንቆም ክብደታችን በእግሮቹ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ይወርድ ነበር እንጂ ጉልበቱን የሚፈትነው ነገር አልነበረም። ሲጎተት ግን ግፊቱ በሙሉ እሱ ላይ ያርፋል። ከክሩ ያለፈ ጉልበት ሲገፋ ማቆሚያው ላይ ይበልጥ ይጠብቃል፤ ያላለፈው ይታጠፋል። 20ውንም ሰብስበን በክር ስንለካ ከ40 ጉልበት 11ዱ አላለፉም ነበር። ጠብታውን በግራይንደር እየበላሁ፣ ሪቬቱ ክሩን 4 ሚሊ ያህል እስኪያልፍ ድረስ ሁለት ሌሊት አደርሁ። የነጠላውንም ዋጋ ከደመወዜ ከፈልሁ። ቅር አላለኝም፤ ጥለቱ በእውነት ያምር ነበር።

እትዬ ደንበኝነታቸውን አልተዉም። አሁን ጠረጴዛ ሊረከቡ ሲመጡ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያስሩና የጠረጴዛውን ጫፍ ይዘው ግቢውን እየጎተቱ ይዞራሉ፤ አንዱን በአንዱ ጫፍ፣ ከዚያ ደግሞ በሌላው። ብሩ የሚቆጠረው ከዚያ ወዲያ ነው።