ፒዲኤፉ ተከፍቶ ወርዱ እንቢ ሲል

ፒያሳ ካለችው ቢሯችን ሆነን አዘዞ አካባቢ ላለ አንድ መሥሪያ ቤት የደብዳቤ መዝገብ ሲስተም ሠርተን ነበር። ከጊዜ በኋላ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ደወሉ። "ልጄ፣ ፒዲኤፉማ ይከፈታል፤ ወርዱ ነው ተበላሽቷል እያለ እንቢ ያለኝ።"

"እሺ እትዬ፣ አሁኑኑ አየዋለሁ" አልኳቸው።

እዚያ ያሉት መጀመሪያ ብራውዘሩን ጠረጠሩ፤ ክሮሙን ትተው በፋየርፎክስ ሞከሩ፣ ያው ነው። ከዚያ ኔትወርኩ ተጠረጠረ። ግን የወረደው ፋይልና ሰርቨሩ ላይ ያለው መጠናቸው እኩል ነው፤ ኔትወርክ ቢቆርጠውማ ያንስ ነበር።

ፋይሉን ባይት በባይት በሚያሳይ ሄክስ ኤዲተር ከፈትኩት። የወርድ ፋይል (ዶክኤክስ) ውስጡ ዚፕ፣ ማለትም የታመቁ ፋይሎች ጥቅል፣ ስለሆነ ፒ እና ኬ በሚሉት የላቲን ፊደሎች መጀመር አለበት (የዚፕ ፈጣሪ የፊል ካትዝ ስም መነሻዎች ናቸው)። እዚህ ግን ከፊታቸው 3 ባይት ተሰክቷል፤ ቦም የሚባለው፣ ጽሑፉ በዩቲኤፍ-8 (አማርኛንም በሚይዘው የፊደል ኮድ) መቀመጡን የሚጠቁም ምልክት ነው።

ለካ አንድ ሠራተኛ የመሥሪያ ቤቱን ስም ለማስተካከል ሲስተሙ የተጻፈበትን የፒኤችፒ ኮድ ኮንፊግ (የቅንብር) ፋይል በዊንዶውስ 7 ኖትፓድ ከፍቶ ሴቭ አድርጎታል። የድሮው ኖትፓድ በዩቲኤፍ-8 ሲያስቀምጥ ቦሙን ሳይጠይቅ ይጨምራል፤ ያለ ቦም ማስቀመጥ የለመደው እ.ኤ.አ. ከ2019ኙ የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ወዲህ ነው። ፒኤችፒ ደግሞ ከኮዱ መክፈቻ ምልክት በፊት ያገኘውን ሁሉ ወደ ብራውዘር ይልካል። ሌላ ጊዜ ሄደር (ከፋይሉ ቀድሞ የሚሄደው መግለጫ) ቀድሞ ተልኳል ብሎ ያስጠነቅቅ ነበር፤ እዚህ ግን አውትፑት በፈሪንግ (የሚላከውን በፈር በሚባል ጊዜያዊ ማቆያ የማጠራቀም ዘዴ) በርቶ ስለነበር ባይቶቹ በፈሩ ውስጥ ተቀምጠው ሄደሩ ያለ ችግር አለፈ፤ ባይቶቹም ከፋይሉ ፊት ሆነው ወጡ።

ፋይሉን የሚያወርደው ስክሪፕት በኮንቴንት-ሌንግዝ (መጠን በሚገልጸው ሄደር) የሚናገረው የዋናውን ፋይል መጠን ነው፤ ብራውዘሩም ያንኑ ያህል ተቀብሎ ያቆማል፤ ስለዚህ ከፊት 3 ባይት ሲገባ ከኋላ 3 ባይት ይቀራል። መጠኑ እኩል የሆነው ለዚህ ነው። የዚፕ ማውጫ ያለው ደግሞ መጨረሻው ላይ ነው፤ እሱ ሲቆረጥ ወርዱ ተበላሽቷል ይላል። ብዙዎቹ የፒዲኤፍ አንባቢዎች ግን መጀመሪያው ትንሽ ቢገፋም ፈልገው ያገኙታል፣ የተዛባውንም ማውጫ ራሳቸው ይጠግናሉ። የእትዬ "ፒዲኤፉማ" ዋናው ፍንጭ ነበር፤ ሰው እንዲህ ለይቶ ሲነግረው "ፋይል አይከፈትም" ብሎ ብቻ የሚመዘግብ ባለሙያ በጣም ያናድደኛል።

ኮንፊጉን ያለ ቦም ሴቭ አደረግን፤ ፋይሉን ከሚልከው ትእዛዝ (ሪድፋይል) በፊትም በፈሩን የሚያጸዳ መስመር ጨመርን። ወርዱ ተከፈተ። እትዬ ወዲያው የፋይሉ አማርኛ ስም ተዘበራርቆ እንደሚወርድ ነገሩኝ፤ እሱንም የፋይሉን ስም በሚይዘው በኮንቴንት-ዲስፖዚሽን ሄደር ውስጥ ስሙን በዩቲኤፍ-8 እንዲልክ አድርገን በዚያው ቀን ጨረስነው።