«16 ጊጋ ራም» ሲሏችሁ
ዛሬ ደሴ ፒያሳ ወሬው ሁሉ ገና ስለተዋወቀው ታብሌት ነበር። «16 ጊጋ ራም» ይላል ማስታወቂያው፤ ራም ማለት የተከፈቱ አፖች የሚሠሩበት ፈጣን ማህደረ ትውስታ ነው። ኧረ ቀስ! ከሥሩ በደቃቁ የተጻፈውን አንብቡት፦ 8+8። ሁለተኛው 8 ከስቶሬጁ፣ ማለትም ፎቶና ቪዲዮ ከሚቀመጥበት ቦታ፣ የተበደረ ነው፤ ፍጥነቱ ከእውነተኛው ራም ጋር አይገናኝም፣ ቦታም ይበላል።

ባትሪው 10,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት፣ ቻርጀሩ ግን 10 ዋት። ባዶውን ለመሙላት ከ4 ሰዓት በላይ ይፈጃል። መብራት ብልጭ ድርግም ለሚልበት ሰፈር አስቡት።

አብሽሩ፣ አትቸኩሉ፤ ሰኞ ገበያ ሲደርስ ካርቶኑን አትመኑ። ስቶሬጁ እስኪሞላ ትልልቅ ቪዲዮ ጫኑበትና መጨረሻ የገባውን ክፈቱ። ሐሰተኛ የስቶሬጅ ቺፕ ሴቲንግ ላይ ቁጥሩን አሳምሮ ያሳያል፤ ቪዲዮው ግን አይከፈትም ወይም መሃል ላይ ይቆማል። ሲም ማስገቢያውንም እዩ፣ ዋይፋይ ብቻ የሆነም አለ።