ታማሚ ይዞ በዴልሂ መንገድ ላይ

ከደሴና ከኮምቦልቻ ተነስተው ለሕክምና ወደ ዴልሂ የሚሄዱ ቤተሰቦች ስለ ቪዛውና ስለ ሆስፒታሉ አጥብቀው ይጠይቃሉ፤ ከማረፊያቸው ወደ ሐኪሙ በየዕለቱ እንዴት እንደሚመላለሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቡት ከደረሱ በኋላ ነው። አክስቴን ላስታምም በሄድኩበት ወቅት ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ይኸው ምልልስ ስለነበር፣ ያየሁትን ለቀጣዩ አስታማሚ መጻፍ ግዴታዬ ነው ብዬ አምናለሁ።

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገትና ቁልቁለት የለመደ ሰው የዴልሂን ሜዳ ሲያይ ሁሉም ነገር ቅርብ ይመስለዋል። ነገር ግን ሠራተኛው በሚገባበትና በሚወጣበት ሰዓት አውቶቡሱም፣ ታክሲውም፣ ባጃጁም በአንድነት ይቆማሉ፤ ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ይሆናል። ከዚህ የሚያድነው ሜትሮው ነው። በኢንጂነር ኢ. ስሪድሃራን መሪነት ተገንብቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ከሻህዳራ እስከ ቲስ ሃዛሪ ባለው አጭር መስመር ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር፣ ዛሬ ከፊሉ ከመሬት በታች፣ ከፊሉ በድልድይ ላይ በራሱ ሐዲድ ስለሚሄድ የአስፋልቱ መጨናነቅ አይደርስበትም።

መስመሮቹ የሚጠሩት በቀለም መሆኑ ለእኛ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። አክስቴ እንግሊዝኛ ባያነቡም «ቢጫውን ነው የምንይዘው» ማለትን ወዲያው ለመዱ። ብዙ ታማሚዎች የሚመላለሱባቸው ኤይምስ፣ ሃውዝ ካስ፣ ማልቪያ ናጋርና ሳኬት የተባሉት ጣቢያዎች በሙሉ በዚሁ ቢጫ መስመር ላይ ይገኛሉ። ቢጫውና ሰማያዊው የሚገናኙበት ራጂቭ ቾውክ ግን እጅግ የተጨናነቀ ጣቢያ ስለሆነ፣ ቀጠሮን ከጠዋቱ ግፊያ በኋላ ማድረግ የሚቻል ከሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ይበጃል።

በየጣቢያው መግቢያ ቦርሳ በማሽን ያልፋል፤ ሴቶችም በመጋረጃ በተከለለ ቦታ በሴት ጥበቃ ይፈተሻሉ። አክስቴ በዚህ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ሻሻቸው በወንድ ፊት ስላልተነካ ክብራቸው እንደተጠበቀ ተሰምቷቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ደግሞ በጉዞው አቅጣጫ የመጀመሪያው ፉርጎ ለሴቶች ብቻ የተከለለ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሲመለሱ አቅጣጫው ስለሚገለበጥ ያ ፉርጎ የሚቆመው በመሳፈሪያው ሌላኛው ጫፍ መሆኑ ነው፤ ወለሉ ላይና ከላይ ያለው ሮዝ ምልክት ቦታውን ያሳያል። አብሮ የሄደው አስታማሚ ወንድ ከሆነ ወደዚያ መግባት አይፈቀድለትም፤ በሌሎቹ ፉርጎዎች ግን ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የተለዩ መቀመጫዎች አሉ። ቆይታው የሚረዝም ሰው በየጊዜው ከሚሰለፍ ይልቅ ካርድ ቢገዛ ይሻለዋል፤ በካርድ ሲከፈል ዋጋውም ይቀንሳል።

ከጣቢያው እስከ ሆስፒታሉ ደጃፍ ያለውን የቀረውን መንገድ የሚሸፍነው ባጃጅ ነው። እኛ ባጃጅ ብለን የምንጠራት ተሽከርካሪ ስሟን ያገኘችው ፑኔ ከተማ ካለው አምራቿ ነው፤ በዴልሂ አረንጓዴና ቢጫ ተቀብታ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 ስለ አየር ብክለት ባሳለፈው ትእዛዝ ምክንያት በተፈጥሮ ጋዝ ትንቀሳቀሳለች። ቆጣሪ ቢኖራትም ሾፌሩ ላያበራው ይችላልና፣ ታማሚው ከመቀመጡ በፊት በዋጋ መስማማት ያስፈልጋል። በባትሪ የሚሄዱት ትናንሽ ሪክሾዎች ደግሞ ልክ እንደ ደሴ ባጃጆች በሰው ሒሳብ እየጫኑ በታወቀ መንገድ ይመላለሳሉ፤ ከኮንትራቱ በእጅጉ ይረክሳሉ።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት ቀናት ግን ማንም ሰው ታማሚውን ሜትሮ ውስጥ እንዲያስገባ አልመክርም፤ ያን ጊዜ ውድም ቢሆን ታክሲ መያዝ ይገባል። ጉዞው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ባሉት ወራት የሚውል ከሆነ ደግሞ የከተማዋ ጭስ ስለሚከብድ፣ በተለይ ሳንባው የታመመ ሰው ያለ ጥሩ ማስክ በባጃጅ መሄድ የለበትም።