ቀለም አይቀባም

ዘንድሮ ለአራተኛ ክፍል ልጆቼ አንድ ደንብ አወጣሁ። ከተጣለ ዕቃ በምንሠራው ቅርጻ ቅርጽ ላይ ቀለም አይቀባም። ብሩሽ የለም፣ ስፕሬይም የለም። ዕቃው ይዞት በመጣው ቀለም ብቻ ነው የምንሠራው።

ልጆቹ ቅር አላቸው። አንድ ባልደረባዬም «የቀለም ትምህርት ያለ ቀለም እንዴት ይሆናል?» ብሎ ጠየቀኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን እዚህ ማስፈር ፈለግኩ።

እኛ ጋ የቀለም ትምህርት የሚጀምረው ከመደባለቅ ነው። ቢጫና ሰማያዊ አረንጓዴ ይሆናል፣ ቀይና ቢጫ ብርቱካናማ። ልጁ ይሸመድዳል፣ ፈተና ላይ ይጽፋል፣ በቃ። መደባለቅን አልጠላም። ግን የውሃ ቀለም ውድ ነው፣ የተገዛውም ከጥቂት ክፍለ ጊዜ በኋላ ሁሉም ጉድጓዱ ቡናማ ይሆናል። የሀይላንድ ክዳን ግን በነፃ ነው። ደግሞም አይደባለቅም። ሰማያዊ ክዳን ያው ሰማያዊ ነው፤ ላድምቅህ ወይም ላፍዝህ ብትለው አይሰማህም። ሌላ መልክ እንዲኖረው ከፈለግክ ያለህ መንገድ አንድ ነው፤ ጎረቤቱን መቀየር። እኔ ለልጆች እንዲገባቸው የምፈልገው ዋናው ነገር ይህ ነው። የአንድ ቀለም መልክ ግማሹ ያለው አጠገቡ ባለው ነገር ላይ ነው።

ዕቃው የመጣው ከየቤቱ ነው። ክዳን፣ የዘይት ጀሪካን፣ የተሰበረ ባልዲ፣ የእንቁላል ካርቶን፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ቁርጥራጭ። የጎደለንን ከሰፈር ቆራሌው ገዛን። አንዲት እናት «ልጄን ቆሻሻ ታሸክሙታላችሁ?» ብለው መጥተው ነበር። ስጋታቸው ገብቶኛል። ሁሉም ነገር በሳሙናና በበረኪና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ደርቆ ነው ክፍል የሚገባው። ብርጭቆና ቆርቆሮ አናስገባም። በወስፌ የሚበሳውን የምበሳው እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ አሳየኋቸው፤ በሳምንቱ አንድ ፌስታል ሙሉ ክዳን ላኩልን።

መጀመሪያ የማዛቸው በቀለም እንዲለዩት ነው። ቀላል ይመስላል። ቀዩን አንድ ቦታ መቆለል ይጀምራሉ፣ ከዚያ ጭቅጭቅ ይነሳል። «ይሄ ቀይ አይደለም፣ ብርቱካን ነው!» «ኧረ ቀይ ነው!» እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ። ቀይ አንድ እንዳልሆነ በክርክራቸው መሀል ራሳቸው ይደርሱበታል። አንዱ ቡድን ቀዮቹን በረድፍ ደረደራቸው። በአንዱ ጫፍ አዲስ የለስላሳ ክዳን አለ። በሌላው ጫፍ ጣሪያ ላይ ከርሞ ወደ ሮዝ የሄደ የባልዲ ስባሪ። በመሀል ሁሉም ደረጃ ይገኛል። ፀሐይ ቀለም እንደምትበላ፣ በተለይ ዓይን የማያየው የጨረሯ ክፍል ፕላስቲኩ ውስጥ ያለውን ማቅለሚያ እየሰባበረ እንደሚያፈዘው ነገርኳቸው። ቀይ ላይ ነጭ ጠብ እያደረግኩ ባሳያቸው ኖሮ እንደዚያ ረድፍ ባልታያቸው።

ቀጥሎ «ዓይናችሁን ጠበብ አድርጋችሁ እዩ» አልኳቸው። ዓይን ሲጠብ የቀለሙ ስም ይረሳል፣ የሚቀረው ብርሃንና ጨለማው ነው። ቢጫው ከነጩ ጋር ተቀላቀለ። ጥቁር ሰማያዊውና ጥቁር አረንጓዴው አንድ ሆኑ። ብዙ ትልልቅ ሰዎች ይህን በቀለምና በብርሃን መሀል ያለ ልዩነት ሳያዩ ይኖራሉ።

ወይን ጠጅ ግን ጠፋ። ሰማያዊ፣ ነጭና ቀይ በጆንያ አለን፤ ወይን ጠጅ ከሻምፖ ጠርሙስ ካልሆነ አይገኝም። ወዲያው ገበያ ቆመ። አንዱ ወይን ጠጅ በአምስት ሰማያዊ ይመነዘር ጀመር። አንዷን ያገኘው ልጅ የት እንደሚያደርጋት ሲያወጣ ሲያወርድ ቆየና ብዙ ቢጫ መሀል ሰካት። ከክፍሉ በር ላይ ሆናችሁ ስታዩ መጀመሪያ ዓይን የምትይዘው እሷ ናት። ቢጫና ወይን ጠጅ በቀለም ክብ (ቀለሞች በተራ በሚደረደሩበት ክብ) ላይ ፊት ለፊት የሚቀመጡ ተቃራኒዎች መሆናቸውን የነገርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ ቃሉ የሚያርፍበት ነገር አገኘ።

በጣም የወደድኩት ትምህርት የእንቁላል ካርቶኑ ነው። ካርቶኑ ግራጫ ነው። ከአንዱ ካርቶን ሁለት እኩል ቁራጭ ቆረጥኩ። አንዱን ቀይ የባልዲ ስባሪ ላይ፣ ሌላውን አረንጓዴ የጀሪካን ቁራጭ ላይ አስቀመጥኩ። «ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው?» ስላቸው ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አይደሉም!» አለ። ቀዩ ላይ ያለው ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ አረንጓዴው ላይ ያለው ቀላ ይላል። ፊት ለፊታቸው ቁራጮቹን አንስቼ ጎን ለጎን ገጠምኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ አንዷ ልጅ መጥታ ቁራጮቹን ገለበጠቻቸው፣ ጀርባቸውን አየች፣ በጥፍሯም ፋቀቻቸው። የሆነ ነገር ቀብቻቸው እንደሆነ እያጣራች ነው። መልሳ ቀዩ ላይ አስቀመጠችና «ቲቸር፣ እንደገና አረንጓዴ ሆነ» አለችኝ። እንዲህ የምትመረምር ልጅ ካለች እኔ ሌላ ምን እፈልጋለሁ!

ለልጆቹ የሼቭረልን ታሪክም ነገርኳቸው። ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው፤ ፓሪስ ውስጥ በጎብለን የምንጣፍና የግድግዳ ሥዕል ሽመና ቤት የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ ነበር። «ጥቁሩ ክር ደክሟል፣ ጥቁርነት የለውም» የሚል ስሞታ መጣበት። መረመረው፤ ማቅለሚያው ደህና ነው። ችግሩ ጥቁሩ ክር አጠገብ የተሸመነው ቀለም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1839 ቀለሞች ጎን ለጎን ሲሆኑ እንዴት እንደሚለዋወጡ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። የሱን ችግር እኛ በእንቁላል ካርቶን አየነው።

ሽመና ሲነሳ አንድ ዝምተኛ ልጅ እጁን አወጣ። አባቱ ሸማኔ ነው። «አባዬ ጥለት ሲሠራ ቀይና አረንጓዴውን ካገናኘ ዓይን ይወጋል ይላል። በመሀል ጥቁር ክር ያስገባል» አለ። እኔ ይህን በቀለም ኮርስ ነው የተማርኩት፣ እሱ ቤቱ ውስጥ። ወዲያው የአፈወርቅ ተክሌን የአፍሪካ አዳራሽ የመስታወት ሥዕል ፎቶ አወጣሁላቸው። 150 ካሬ ሜትር የሚሆን ባለቀለም መስታወት ነው፤ በቀለሞቹ መሀል የሚያልፈውን ጥቁር መስመር በጣታቸው ተከተሉት። የሸማኔው ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ የቡድኑ አማካሪ ሆነ። ጥቁር የኤሌክትሪክ ገመድ የት እንደሚገባ የሚወስነው እሱ ነው።

ቡድኑ የሚሠራው አውራ ዶሮ ነበር። ገላው ከቡናማና ከቀላ ያለ ፕላስቲክ ነው፣ ኩክኒውን ደግሞ በደማቁ ቀይ ሠሩት። ጠፋ! ያ ሁሉ ደማቅ ክዳን ገላው ውስጥ ሰጠመ። አንዱ «የበለጠ ቀይ እንፈልግ» አለ። የሸማኔው ልጅ ግን አረንጓዴ የለስላሳ ጠርሙስ ቆርጦ አንገቱ ላይ ጠመጠመ፣ ከኩክኒው ሥርም ጥቁሩን ገመድ አዞረ። ቀዩ ያው ቀይ ነው፣ አንድ ክዳን እንኳ አልተጨመረም። ኩክኒው ግን ተለኮሰ።

መደባለቅም ቢሆን አልቀረብንም። የቢጫና የሰማያዊ ከረሜላ መጠቅለያ ደራርበው መስኮት ላይ ሲይዙት ወለሉ ላይ አረንጓዴ ብርሃን ወደቀ። ቢጫው ሰማያዊውን ብርሃን ያስቀራል፣ ሰማያዊው ቀዩን ያስቀራል፣ ሁለቱንም አልፎ የሚወጣው አረንጓዴው ነው።

ይህን መንገድ የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም። ጋናዊው ኤል አናትሱይ ለብዙ ዓመታት ናይጄሪያ ውስጥ ሆኖ የመጠጥ ጠርሙስ ክዳኖችን በሽቦ እየሰፋ ግድግዳ የሚሞላ ሥራ ሲሠራ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2015 በቬኒሱ ትልቅ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ (ቢየናሌ) ላይ ለዕድሜ ልክ ሥራው የወርቅ አንበሳ ሽልማት ተሰጥቶታል። የኛው ኤልያስ ስሜ ደግሞ ከመርካቶ በሚገዛው የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂና ባለቀለም ሽቦ ዓለም የሚያውቃቸውን ሥራዎች ሠርቷል። የሁለቱንም ሥራ ፎቶ ሳሳያቸው ልጆቹ የጠየቁት መጀመሪያ «ቀብተውታል?» ብለው ነው። ሥራዎቹ ቀለማቸውን ይዘው የመጡት ከዕቃው መሆኑን ሲሰሙ ደንባችን ቅጣት መምሰሉ ቀረ።

አሁን የወላጆች ቀን እየደረሰ ነው። ቅርጻ ቅርጾቹን ወርቃማ ስፕሬይ ብንቀባቸው ያምራሉ የሚል ሐሳብ መጥቷል። በቅንነት የመጣ ነው፣ በየትምህርት ቤቱም የተለመደ ነው። አይሆንም አልኩ። ወርቅ የተቀባ ዶሮ ላይ ልጆቹ የለፉበት ምርጫ ሁሉ ይደመሰሳል። ኩክኒው ለምን እንደሚታይ ማንም አይጠይቅም። በምትኩ ከየሥራው አጠገብ አንድ ልጅ ይቆማል፤ ወላጅ ሲመጣ «ይሄን አረንጓዴ ላንሳውና ይዩት» ይላል፣ አንስቶም ያሳያል።

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ላይ በጥቁርና በነጭ ብቻ ልንሠራ አስበናል። ነጩ ሞልቷል፤ ልጆቹ ከአሁኑ የወተቱን ነጭ፣ የመድኃኒት ጠርሙሱንና ቢጫ ያረጀውን እየለያዩ ነው። ጥቁር ግን ያጥረናል። ጥቁር የጠርሙስ ክዳን፣ የተቃጠለ ቻርጀር ገመድ፣ የተበላሸ ሪሞት ያላችሁ ወዳጆቼ እባካችሁ አትጣሉብን። እኔ መጥቼ እወስዳለሁ።