የመጀመሪያዬ ፊክስድ ጊር፦ ከቀለሙ በፊት ሞዞውን እዩ

ትናንት ዋሽንግተን ዲሲ ያለውን ሄይንስ ፖይንትን 10 ዙር ዞርኩ። አንዴም ሳልቆም። አንዱ ዙር 3 ማይል ገደማ ነው፤ ሲደመር 30 ማይል መሆኑ ነው። ማርሽ ባለው ሳይክል ቢሆን ይኼ ብዙም አያስወራም። እኔ ግን የዞርኩት በፊክስድ ጊር ነው። ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል፤ እግር ማሳረፍ የሚባል ነገር የለም። መስከረም ላይ ስጀምር ሁለተኛውን ዙር ሳልጨርስ ጭኔ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ደስታው ነው ያስጻፈኝ። ደግሞም በዚህ ወር ብቻ ሦስት ልጆች «ርካሽ ፊክሲ ልገዛ ነው፣ ምን ልይ?» ብለው ጠይቀውኛል፤ ፊክሲ የሚሉት ፊክስድ ጊሩን ነው። ለሦስቱም የመለስኩት አንድ ነው፤ የኋላውን ሞዞ እዩ። ቀለሙን ተዉት፣ ፍሬሙ ላይ የተጻፈውንም ስም ተዉት። ሞዞውን፣ ራጂዎቹ የሚሰበሰቡበትን የጎማውን እምብርት እዩ። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ያወጣሁትን ገንዘብና የደነገጥኩትን ድንጋጤ አብሬ መናገር አለብኝ።

የምኖረው አርሊንግተን፣ ኮሎምቢያ ፓይክ አጠገብ ነው። የምሠራው ሬገን ኤርፖርት። ከፓይኩ እወርድና የፎር ማይል ረንን የሳይክል መንገድ እይዛለሁ፤ እሱ ኤርፖርቱ አካባቢ ከማውንት ቨርነን ትሬይል ጋር ይገናኛል። ከ6 ማይል አይበልጥም። ድሮ ባለማርሽ ሳይክል ነበረኝ። በብርዱ ወራት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበትኑት ጨው የማርሽ መቀየሪያውን በላው። ሁለት ጊዜ አሠራሁት፣ በሦስተኛው ተስፋ ቆረጥኩ። ፊክሲ ላይ ግን የሚበላሽ ነገር ጥቂት ነው። ፊት አንድ ጥርስ (ካቴናው የሚዞርበት ባለ ጥርስ ክብ ብረት)፣ ኋላ አንድ ጥርስ፣ አንድ ካቴና፣ በቃ። እግር ስለማያሳርፍ ደግሞ አንድ ሰዓት ነዳሁ ማለት እውነትም አንድ ሰዓት ሠራሁ ማለት ነው።

ሥራ ቦታ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው አሉ። በልጅነታቸው ባሕር ዳር ሳይክል ያከራዩ ነበር። ሳይክሌን ሲያዩ «ማርሽ የሌለው ሳይክል በገንዘብህ ገዛህ?» አሉኝ። ቱር ደ ፍራንስ እንኳ እስከ 1937 እ.ኤ.አ. ድረስ የማርሽ መቀየሪያ ይከለክል እንደነበር ነገርኳቸው። «እኛም ያለ ማርሽ ነው ያደግነው» አሉ። «ግን ቁልቁለት ላይ እግራችንን እናሳርፍ ነበር።»

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አላስረዝምም። እግሬ በልማዱ ሊያርፍ ይሞክራል፣ ፔዳሉ ከኮርቻው ያነሳኛል። አንዴ መታጠፊያ ላይ ፔዳሉ አስፋልት ነክቶ ሊጥለኝ ነበር። ይኼ ሁሉ ይለመዳል። የእግር ማሰሪያ ግን ከመጀመሪያው ቀን አድርጉ። እግር ከሚዞር ፔዳል ላይ አንዴ ካመለጠ መልሶ ማስገባት ከባድ ነው፤ ፔዳሉም ቁርጭምጭሚት ይመታል።

አሁን ወደ ሞዞው። ሳይክሉን ከአንድ ግለሰብ በ180 ዶላር ነው የገዛሁት። አሮጌ የብረት ኮርሳ (የውድድር ሳይክል) ነው፣ በኋላ ወደ ፊክስድ የተቀየረ። ፍሬሙ ያምራል። ጎማዎቹ አዲስ ናቸው። ፔዳሉን ወደፊትም ወደኋላም ገፋሁት፣ ጎማው ይታዘዛል። ፊክስድ ነው ብዬ ከፈልኩ። ጎማውን አውልቄ አላየሁም። ስህተቴ እዚያ ጋ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ከፓይኩ ወደ ፎር ማይል ረን እየወረድኩ ነበር። ፍጥነት ለመቀነስ በእግሬ ፔዳሉን ተቃወምኩት። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ እግሬ ባዶውን ወደኋላ ዞረ። ሳይክሉ ግን ይሮጣል። ታች መብራት አለ፣ ቀይ ነው፣ መኪናዎች ያልፋሉ። የፊት ፍሬኑን ያዝኩ። መስመሩ ላይ ስቆም ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታ ነበር። ያ ፍሬን ባይኖር ይኼን ጽሑፍ የምጽፍ አይመስለኝም።

ወርጄ ሳየው የኋላው ጥርስ ተፈቷል። ምክንያቱ ይኼ ነው። ወደፊት ስትረግጡ ጥርሱ ሞዞው ላይ እየጠበቀ ይሄዳል። ወደኋላ ስትቃወሙ ግን እንደ ማንኛውም ዳዶ ሊፈታ ይፈልጋል። ስለዚህ የትክክለኛ ፊክስድ ሞዞ ጥምዝ ሁለት ደረጃ አለው። የሰፊ ጠርሙስ አፍ ላይ የጠባብ ጠርሙስ አፍ ቢደረብ እንደሚመስለው አስቡት። በሰፊው ላይ ጥርሱ ይገባል። በጠባቡ ላይ ሎክሪንግ የሚባለው ቀለበት ይታሰራል። የጠባቡ ጥምዝ ግራ ነው፣ ማለትም ወደ ግራ ሲዞር ነው የሚጠብቀው። ጥርሱ ለመፈታት ሲሞክር ቀለበቱን ይገፋዋል፤ ግፊቱም ቀለበቱን ይበልጥ ያጠብቀዋል። አንዱ ሌላውን ይጠብቃል።

የኔ ሞዞ ግን የፍሪዊል ሞዞ ነበር፣ እግር ለሚያሳርፍ ሳይክል የተሠራ። ጥምዙ አንድ ብቻ ነው። ክፋቱ የሁለቱም ጥምዝ ልክ አንድ መሆኑ ነው፤ ስፋቱ 1.37 ኢንች ገደማ፣ በኢንች 24 ዙር። ስለዚህ የፊክስድ ጥርስ ሞዞው ላይ ልክክ ብሎ ይገባል። ላየው ሰው ለዚያው የተሠራ ይመስላል። የቀየረው ሰው ጥርሱን ካስገባ በኋላ ከላይ ሌላ የብረት ቀለበት ደርቦ ማጣበቂያ ቀብቶበታል። የቀለበቱ ጥምዝ ደግሞ ቀኝ ነው። ጥርሱ ሲፈታ ቀለበቱም አብሮ ይፈታል።

ያን ጊዜ ሎክሪንግ የሚባለውን ነገር በስሙም አላውቀውም ነበር። ጠበቅ አድርጌ ባስረው ይበቃል ብዬ አሰብኩ። ካቴናውን ጥርሱ ላይ ጠምጥሜ፣ ፍሬሙ እንዳይላጥ ጨርቅ አድርጌ፣ ጎማውን እንደ መሪ አዞርኩት። ጥርሱ እየተንቋቋ ጠበቀ። 11 ቀን ያዘልኝ። ከዚያ ጠንካራውን የብሎን ማጣበቂያ ገዝቼ ቀባሁ። 9 ቀን። በነዚያ 20 ቀናት እየፈራሁ ነው የነዳሁት፤ ለባለቤቴም አልነገርኳትም። ይኼን የምጽፈው ሌላ ሰው እንዳያደርገው ነው።

በመጨረሻ ወደ ሳይክል ሠሪ ወሰድኩት። ልጁ ጥርሱን ፈትቶ ጥምዙን በጥፍሩ ዳሰሰው። ጣቱ ላይ እንደ ጥሩ ጨው የደቀቀ የብረት ብናኝ ቀረ። አሳየኝ። «ይኼን አልሠራልህም፣ ሌላ ጎማ ግዛ» አለ። ገንዘቤን ሊቀበል ይችል ነበር። አመሰግነዋለሁ።

ከትክክለኛ ፊክስድ ሞዞ ጋር የተሠራ የኋላ ጎማ በ110 ዶላር አገኘሁ። አዲስ ችግር መጣ። የፊክስድ ሞዞ ስፋቱ 120 ሚሊ ሜትር ነው፣ የኔ አሮጌ ኮርሳ ፍሬም የኋላ ጎማ ማስገቢያ ክፍተት ደግሞ 126። በግራና በቀኝ 3 ሚሊ ሜትር ሮንዴላ ጨምሬ አስተካከልኩት። ወጥ ቤት ወለል ላይ ጋዜጣ አንጥፌ አንድ ሙሉ እሑድ ፈጀብኝ። ጥርሱ ከመግባቱ በፊት ጥምዙን ግራሶ ቀባሁ። ሎክሪንጉን አሰርኩ። ከዚያ ወጥቼ ዳገት ወጣሁ፤ በእግር ኃይል ጥርሱ የመጨረሻውን ያህል ይጠብቃል፣ ሎክሪንጉ ግን ያኔ ላላ ይላል። ተመልሶ እንደገና ማሰር ያስፈልጋል። ይኼን ሁለተኛ ማሰር የሚዘነጋ ሰው ብዙ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚሆን መሣሪያ አለ፤ በአንድ በኩል ቁራጭ ካቴና የተንጠለጠለበት፣ በሌላ በኩል ሎክሪንጉን የሚነክስ መንጠቆ ያለው ረጅም ብረት። 35 ዶላር አወጣሁበት። ከሳይክሉ ይልቅ እሱን የምወድበት ቀን አለ። በመዶሻና በካቻቢቴ እየመቱ ሎክሪንግ የሚያስሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ አልስማማም። የቀለበቱ ጠርዝ ይበላሻል፣ በሚቀጥለው ጊዜ መሣሪያው የሚይዘው ነገር ያጣል።

ጥርሱ መፈታቱን አቆመ። ካቴናው ግን ይጮህ ጀመር። በእያንዳንዱ ዙር ክርክርክር ይላል። ዘይት ጨመርኩ፣ አጠበቅኩ፣ አላላሁ። አልሆነም። አንድ ቀን ኤርፖርት ሳይክሌን ሳስር ጋሼ አጠገቤ ነበሩ። «እስቲ ኋላውን አንሳና አዙረው» አሉኝ። አዞርኩት። ጎንበስ አላሉም፣ አላዩትምም። ጆሯቸውን ብቻ ሰጡት። «ካቴናህ ቀጥ አላለም። ፊትና ኋላው አይተያዩም።» ቤት ገብቼ ከኋላው ጥርስ ወደ ፊት ቀጥ ያለ ማስመሪያ አስደገፍኩ። የፊቱ ጥርስ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቷል። አሮጌ ኮርሳ ፊቱ ላይ የሁለት ጥርስ ቦታ አለው፤ የኔ የታሰረው በውጭኛው ላይ ነበር። ብሎኖቹን ፈትቼ ወደ ውስጠኛው አዛወርኩት። ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ወንዙ ዳር ስነዳ የምሰማው የጎማውን ድምፅ ብቻ ነው።

ሒሳቡን ልንገራችሁ። ሳይክሉ 180፣ ጎማው 110፣ ጥርሱ 25፣ ሎክሪንጉ 10፣ መሣሪያው 35። 360 ዶላር። ትንሽ ጨምሬበት ከመጀመሪያው ፊክስድ ሆኖ የተሠራ አዲስ ሳይክል መግዛት እችል ነበር። ስለዚህ ቁርጡን ልናገር፤ መሣሪያ ከሌላችሁና ሳይክል መፍታት ካልወደዳችሁ የተቀየረ ኮርሳ አትግዙ። ያገለገለ ከሆነ ሲፈጠር ፊክስድ የነበረውን ፈልጉ። ጎማው የሚገባበት ቦታ ወደኋላ የተከፈተ ነው፣ ካቴናውን ለማጥበቅ ጎማው ወደኋላ ይሳባል። ሻጩን ጎማውን እንዲያወልቅ ጠይቁት። ሁለቱን የጥምዝ ደረጃዎች በዓይናችሁ እዩ። ጥርሱ ስለተገጠመ አይታይም ካለ ቢያንስ የሎክሪንጉን ጠርዝ እዩ። አላሳይም ካለ ሌላ ሳይክል አለ።

ስለ ፍሬን የምለው አጭር ነው። የዋሽንግተን ዲሲ ደንብ ፊክስድ ጊር በፔዳሉ መቆም ከቻለ የተለየ ፍሬን እንዲኖረው አያስገድድም። ያለ ፍሬን መንዳት ጀግንነት የሚመስላቸው ልጆችም አሉ። እኔ ከዚያ ቁልቁለት በኋላ ስለዚህ ነገር ክርክር አልገባም። የፊት ፍሬን ይኑራችሁ።

ጥርሱን በተመለከተ፣ ሳይክሉ ሲመጣ 46 በ16 ነበር፤ ፊቱ ባለ 46፣ ኋላው ባለ 16 ማለት ነው። አንድ የፔዳል ዙር 6 ሜትር ገደማ ይወስዳል። ሜዳ ላይ ደስ ይላል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ይበላል፣ ለማቆምም ይከብዳል። ኋላውን በባለ 18 ቀየርኩት። አሁን አንዱ ዙር 5.4 ሜትር ገደማ ነው፤ በደቂቃ 90 ዙር ስረግጥ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር እሄዳለሁ። ለሥራ መንገድ ይኼ በቂ ነው። «ትልቅ ማርሽ ጡንቻ ያወጣል» የሚሉትን አልሰማም። ትንሽ ማርሽ እግርን ፈጣን ያደርጋል። መስከረም ላይ በደቂቃ 100 ዙር ሲደርስ ኮርቻው ላይ እንደ ኳስ እነጥር ነበር፤ አሁን ቁልቁለት ላይ 120 ደርሶም ተረጋግቼ እቀመጣለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም አደራ። ፊክሲ ላይ ጎማው እየዞረ ካቴና በጨርቅ አትጥረጉ። ጎማው እንደሌላው ሳይክል ዝም ብሎ አይቆምም። የኔን ጨርቅ በአንድ አፍታ ጎትቶ ወሰደው፣ የጣቴ ጫፍ ጥፍሩ ጠቁሮ ወር ቆየ። ጣት የተቆረጠበት ሰው አለ። አቁማችሁ፣ ትንሽ በትንሽ በእጅ እየገፋችሁ ጥረጉ። 15 ቁጥር ቺያቤም ከቦርሳችሁ አይጥፋ። የኋላው ጎማ በዳዶ ስለሆነ የሚታሰረው፣ ካላማዳሪ ቢፈነዳ ያለሱ መንገድ ዳር ትቀራላችሁ።

አሁን ያልቆረጥኩት አንድ ነገር አለ። ባለ 17 ጥርስ አዝዤ ሐሙስ ይደርሳል። ሄይንስ ፖይንት ላይ ነፋሱ ከኋላ ሲሆን 18ቱ ያንሰኛል፤ ነፋሱ ሲዞር ደግሞ እሱም ይበዛብኛል። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በ17 እሞክረዋለሁ። በ17 የሥራ መንገድ የምትነዱ ካላችሁ፣ ከፎር ማይል ረን ወደ ፓይኩ ስትወጡ ጉልበታችሁ ምን ይላል?