ያለ ልጅ መታረስ

ከሆስፒታል በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው ጎረቤታችን አጥሚት በፔርሙስ ይዘው መጡና ገና የመኝታ ቤቱን ደፍ ሳያልፉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አሉኝ። ወዲያው ያሉት ነገር ታወቃቸውና የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ጫኑ። አልጋው ላይ ሕፃን አልነበረም፤ ከዐሥራ ሁለት ቀን በፊት ማህፀኔ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል። ከድንጋጤያቸው ያወጣቻቸው እናቴ ናት፤ «ታዲያ ማረቻት እኮ!» ብላ ወንበር ሳበችላቸው።

ሕመሙ የጀመረኝ ሁለተኛ ልጄን በኦፕራሲዮን ከተገላገልኩ በኋላ ነው። የወር አበባዬ ከአራት ቀን ወደ ስምንት፣ ከዚያም ወደ ዐሥር ቀን ረዘመ፤ የረጋ ደም ይወርደኝ ጀመር፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ሞዴስ አንድ ሰዓት እንኳ አያቆየኝም ነበር። መምህርት ስለሆንኩ ክፍል ውስጥ ቆሜ የምውለው ጥቁር ቀሚስ ለብሼ፣ ወገቤ ላይ ሹራብ አስሬ ነበር። ከሕመሙ እኩል ያሳዘነኝ ግን የቤተ ክርስቲያኑ ነገር ነው፤ ደሙ ጠራ ስል እየተመለሰብኝ፣ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ያስቀደስኩባቸው እሑዶች ወደ ውስጥ ከገባሁባቸው በለጡ። ሕክምና ፍለጋ በሄድኩበት አንድ ክሊኒክ የተሰጠኝ መልስ «የሴት ልጅ ነገር ነው፣ ዕድሜሽ ሲገፋ ይተውሻል» የሚል ነበር፤ እኔም አምኜ፣ በማስታገሻ እንክብል ራሴን እየደገፍኩ ሦስት ዓመት ጨመርኩበት። ያን መልስ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

በመጀመሪያ በአልትራሳውንድ ያዩኝ ባለሙያ «ማዮማ ሳይሆን አይቀርም» ብለው ነበር፤ ማዮማ ማለት የማህፀን ዕጢ ነው። በኋላ ያገኘኋቸው የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ግን በብልት በኩል የሚደረገውን አልትራሳውንድ ሁለት ጊዜ ካነሡኝ በኋላ፣ የማህፀኔ የኋላ ግድግዳ ከፊተኛው በጣም መወፈሩን አሳይተው «ይህ አዴኖማዮሲስ ይባላል» አሉኝ። የማህፀንን ውስጠኛ ገጽ የሚሸፍነውና በየወሩ ከደም ጋር የሚወርደው ሕዋስ፣ ቦታውን ለቆ ወደ ጡንቻው ግድግዳ ይሰርጋል፤ እዚያም ሆኖ እንደ ልማዱ በየወሩ ያብጣል፣ ይደማል፤ ጡንቻውም እየቆሰለና እየወፈረ ማህፀኑ በጠቅላላው ይተልቃል። «ማዮማውን ብቻ እንደሚያወጡት ይህንንስ ለይታችሁ ማውጣት አትችሉም?» ብዬ ስጠይቃቸው የሰጡኝን ምሳሌ አልረሳውም። «ማዮማ ዶሮ ወጥ ውስጥ እንዳለ እንቁላል ነው፤ በማንኪያ ይወጣል። ያንቺ ግን ወጡ ውስጥ እንደቀለጠ ቅቤ ነው» አሉኝ።

ሕመሙ ትናንት የመጣ አይደለም፤ በቪየና ይሠሩ የነበሩት የፓቶሎጂ ሊቅ ካርል ሮኪታንስኪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1860 ስለ እርሱ እንደጻፉ ይጠቀሳል። እኔ ግን አርባ ሦስት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ስሙን ከማንም አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ማህፀንን ማውጣት የመጀመሪያው መፍትሔ እንዳልሆነ ሐኪሜ ደጋግመው ነግረውኛል። ሆርሞን ያለው ሉፕ ማህፀኔ ውስጥ አስገቡልኝ፤ አንድ ዓመት ያህል ደሙን ቀነሰልኝና ከዚያ በራሱ ጊዜ ወጣ፤ ማህፀን በተለጠጠ ጊዜ ይህ እንደሚያጋጥም አስቀድመው አስጠንቅቀውኝ ነበር። በዚያን ጊዜ ሄሞግሎቢኔ 7.6 ደርሶ ነበር፤ ለአንዲት እርጉዝ ላልሆነች ሴት ከ12 በታች የደም ማነስ ስለሚባል፣ ደረጃ ስወጣ ልቤ የሚመታበት ምክንያት ያን ቀን ገባኝ። ቀዶ ሕክምናውም ደሜ እስኪያንሰራራ ድረስ ለሦስት ወር ተገፋ። የአይረን እንክብሉን በብርቱካን ጭማቂ እየዋጥኩ፣ ቡናና ሻይ ብረቱን እንዳይሰርግ ስለሚያግዱት የጠዋቱን አቦል ወደ ረፋድ አሻገርኩት። ሁለት ወንድሞቼም ደም ለገሱልኝ።

ልጅ መውለድ አቁሜያለሁ ብዬ የወሰንኩት ከብዙ ዓመት በፊት ነው። እንደዚያም ሆኖ፣ የስምምነት ወረቀቱን የፈረምኩ ዕለት ማታ ሁለቱ ልጆቼ የተኙበት ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። የማይፈልጉትን ነገር መተውና የተሸከማቸውን ቤት ማፍረስ አንድ አይደሉም። ባለቤቴ ሊያባብለኝ አልሞከረም፤ መጥቶ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ እንጂ፤ ለዚያ ዝምታው እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ቀዶ ሕክምናው የተደረገልኝ ሆዴ ተከፍቶ፣ በቀድሞው የወሊድ ጠባሳ ላይ ነው። ማህፀኑ ከአንገቱና ከሁለቱ የዘር ቱቦዎች ጋር ወጣ፤ እንቁላል እጢዎቼ ግን ጤናማ ስለነበሩ ተተዉልኝ። ብዙ ሴቶች ማህፀን ሲወጣ ወዲያው ማረጥ የሚመጣ ይመስላቸዋል፤ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ሆርሞኑን የሚያመነጩት እንቁላል እጢዎች እስካሉ ድረስ የሚቆመው ደሙና መውለዱ ነው፤ ማረጡ አንዳንድ ጊዜ ትንሽ ቢቀድምም በጊዜው ይመጣል። በማግሥቱ ጠዋት ነርሷ የሽንት ቱቦውን አውጥታ «ተነሺ፣ እንራመድ» አለችኝ። ትራስ ሆዴ ላይ አጥብቄ፣ አንድ እጄን ትከሻዋ ላይ ጥዬ፣ እስከ መስኮቱ ስድስት እርምጃ ሄድኩ። ቁስሉን እችለዋለሁ፤ ያስጨነቀኝ ሆዴ ውስጥ የተቆለፈው አየር ነበር፤ እርሱም በመራመድ እንጂ በመተኛት አልወጣልኝም።

ቤት ስገባ እናቴ ክፍሉን የአራስ ቤት አድርጋ ጠበቀችኝ። መስኮቱ በጋቢ ተሸፍኗል፤ የአጃ አጥሚቱ በእሳት ላይ ነው፤ ለድርቀቱ ተልባ ተቆልቶ ተወቅጧል። መጀመሪያ ላይ ይህ ሁሉ አሳፈረኝ፤ ያልወለድኩ ሴት የአራስን ክብር የሰረቅሁ መሰለኝ። ግን ለስድስት ሳምንት ከባድ ነገር አታንሺ፣ ምጣድ አትጣጂ፣ ባልዲ አትንኪ የሚለውን የሐኪም ትእዛዝ በእኛ ቤት ሊያስከብር የሚችል ሌላ ሥርዓት አላውቅም። በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ ተኝታ ስትጎረስ ማንም የማይታዘባት በአራስነቷ ብቻ ነው። ማህፀኗ የወጣላት ሴትም ውስጧ የተሰፋ ቁስል አለ፤ ከውጭ ያለው ጠባሳ ቶሎ ስለሚደርቅ ግን በሳምንቱ ዳነች ተብላ ወደ ጓዳ ትመለሳለች። እናቴ መጽሐፍ ሳታነብ ይህን ገብቷት ነበር።

እኔ ግን ትእዛዙን ጥሻለሁ። በሦስተኛው ሳምንት እናቴ ወደ ገበያ ስትወጣ፣ ደህና ነኝ ብዬ ግማሽ ባልዲ ውሃ ከመታጠቢያ ቤት ወደ ጓዳ ወሰድኩ። ማታውን ደም አየሁ፤ ብዙ አልነበረም፣ ግን «ተላቀቅሁ» ያልኩትን ቀለም ዳግመኛ ሳይ ጉልበቴ ከዳኝ። ሐኪሜ ዕለቱኑ አዩኝና ስፌቱ እንዳልተፈታ አረጋገጡልኝ፤ ውስጡ ያለው ክር ሲሟሟ ጥቂት ደም እንደሚታይ፣ ሞዴስ የሚያርስ ደም፣ መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ፣ ትኩሳት ወይም የአንድ እግር ባት እብጠት ካየሁ ግን ሌሊትም ቢሆን እንድመጣ ነገሩኝ። እናቴ አልተቆጣችም፤ በማግሥቱ ባልዲውን ወስዳ እትዬ ቤት አስቀመጠችው።

በስድስተኛው ሳምንት ለምርመራ ስሄድ የፓቶሎጂው ውጤት ደርሶ ነበር። በአልትራሳውንድ የታየው አዴኖማዮሲስ ስለ መሆኑ ቁርጥ ያለው ማስረጃ የወጣው ማህፀን በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሚገኘው ነው። ክብደቱ 310 ግራም ተብሎ ተጽፏል፤ የወለደች ሴት ማህፀን አብዛኛውን ጊዜ 100 ግራም አካባቢ ነው። ወረቀቱን ይዤ ታክሲ ውስጥ ደጋግሜ አነበብኩት። ያ ሁሉ ዓመት ሰውነቴ እውነቱን ሲናገር ኖሯል።

ያን ቀን ከሰዓት ቡና ሲፈላ እትዬ መጡ። ውጤቱን ሳነብላቸው ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለሱና «ማን ነው ያልሽው ስሙን?» አሉኝ። ደገምኩላቸው። ሊሉት ሞከሩ፣ አፋቸው ላይ አልያዝ አለ። «እስቲ ጻፊልኝ ልጄ፤ ሐዋሳ ያለችው ልጄ ወር በመጣ ቁጥር አልጋ ትይዛለች። እኔም በጊዜዬ እንዲሁ ነበርኩ፤ ምን እንደነበር የነገረኝ የለም።» ከልጄ ደብተር አንድ ገጽ ቀድጄ በትልልቅ ፊደል «አዴኖማዮሲስ» ብዬ ጻፍኩላቸው። አራት አድርገው አጠፉት፤ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ከታክሲ ሳንቲማቸው ጋር ቋጠሩትና ቋጠሮውን በጥርሳቸው አጠበቁት።