ሮም ከኮሎሲየም ወዲያ፦ በሜትሮ መስመር ቢ

ሮም ደርሶ የመጣ ሰው ፎቶው ያው ነው። ኮሎሲየም፣ ትሬቪ ምንጭ፣ ቫቲካን። እኔም አይቻቸዋለሁ፣ ያምራሉ። ግን ሐበሻ ሆኖ እነሱን ብቻ አይቶ መመለስ ያስቆጫል። በዚህች ከተማ የኛ ታሪክ ያለባቸው ቦታዎች አሉ፤ አስጎብኚዎች ግን አይወስዷችሁም። ደግነቱ በሰማያዊው የሜትሮ መስመር፣ በመስመር ቢ፣ ብዙዎቹ ጋ መድረስ ይቻላል። የአንድ ቀን ቲኬት ቁረጡና ከተርሚኒ ጀምሩ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ትልቅ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው? በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣልያን ወታደሮች። ስንቱ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ያልፍበታል፣ የአሉላ ስም ግን አይነሳም።

የወታደሮቹ መታሰቢያ ከአደባባዩ ፈንጠር ብሎ፣ በስንክሳር የምናውቀው የዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ፍርስራሽ አጠገብ፣ አነስተኛ መናፈሻ ውስጥ ቆሟል። ድንጋዩ የግብፅ ነው፤ የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት። በጣልያን ወረራ ጊዜ ከአዲስ አበባ ለገሀር ተነቅሎ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ እዚህ ሐውልት ሥር ተቀምጦ ነበር። ዘርዓይ ደረስ የተንበረከከውም እዚሁ ነው። ኤርትራዊው ወጣት አንበሳውን ሲያይ አላስቻለውም። ተንበርክኮ ጸለየ። ሊያስነሱት ሲመጡ ሰይፉን መዘዘ። ከዚያ በኋላ አገሩን አላየም፤ በ1945 ሲሲሊ ውስጥ ሞተ። አንበሳው ግን ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል። ስለ ዘርዓይ የሚናገር ጽሑፍ ብፈልግ አላየሁም። ቢያንስ ስሙን የምናውቅ ሰዎች ሄደን ቆመን እንይለት።

ከዚያ ወደ ዮኒዮ የሚሄደውን ባቡር ያዙና ሊቢያ ጣቢያ ውረዱ። ሰፈሩ የአፍሪካ ሰፈር ይባላል። የመንገዶቹ ስም ከቅኝ ግዛት ዘመን የቀረ ነው፦ ኢትዮጵያ ጎዳና፣ ኤርትራ ጎዳና፣ መቀሌ፣ ድሬዳዋ፣ ጣና ሐይቅ፣ የጅማ አደባባይ። ቱሪስት የሚባል ዝር አይልም። ሰው ጫማ ይገዛል፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ይወስዳል። የገባሁበት ቡና ቤት ማኪያቶ አዘዝኩና አሳላፊውን የጅማ አደባባይ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቅሁት። በእጁ አሳየኝ። «ጅማ ራሷስ የት እንደሆነች ታውቃለህ?» አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። «ይሄ የምትቀዳው ቡና ከዚያ አካባቢ ጫካ ነው የተገኘው» ስለው ማሽኑን ትቶ ዞረ። ባልደረባውን ጠርቶ እንደገና አስነገረኝ። ሁለቱም ከዓመት እስከ ዓመት በዚያ አደባባይ ያልፋሉ፣ የነገራቸው ግን የለም።

ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ተርሚኒንም ኮሎሲየምንም እለፉና ቺርኮ ማሲሞ ውረዱ። ከጣቢያው ስትወጡ የምታዩት ግዙፍ ነጭ ሕንፃ ፋኦ ነው፤ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት። መጀመሪያ የታቀደው ግን ለጣልያን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። ከ1937 ጀምሮ ከፊቱ የአክሱም ሐውልታችን ቆሞ ኖሯል። 24 ሜትር ቁመት፣ ወደ 160 ቶን ክብደት። በ2003 ተነቀለ፣ በ2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም ገባ፣ በ2008 እዚያው ተተክሎ ተመረቀ። ሮም ላይ አሁን ሐውልታችን የለም፤ በነበረበት አደባባይ መኪና ይሽከረከራል። ሐውልቱ የሌለበትን ቦታ አይቶ ደስ ይላል ወይ አትበሉኝ፤ ደስ ይላል።

የሚቀጥለው ጣቢያ ፒራሚዴ ነው። ከዚያ በእግር ቴስታቾ ግቡ። እዚህ ደግሞ የራሳቸው የሮማውያኑ ጉድ አለ። ወደ 35 ሜትር የሚጠጋ ኮረብታ፣ ከላይ እስከ ታች የተሰበረ ገንቦ። በጥንት ዘመን ከስፔንና ከሰሜን አፍሪካ ዘይት የመጣበት ገንቦ ዘይቱ ሲገለበጥ ይሰበርና እዚህ ይከመር ነበር። አንዳንዶቹ ምግብ ቤቶች ኮረብታውን ቦርቡረው የተሠሩ ስለሆኑ የጀርባ ግድግዳቸው መስታወት ነው። ከመስታወቱ ወዲያ ስብርባሪው ተደራርቦ ይታያል፤ የገንቦው ጆሮ እንኳ ይለያል።

ቴስታቾ የቄራ ሰፈር ነበር። ቄራው በ1975 ተዘግቶ ዛሬ ሥነ ጥበብ ይታይበታል። የቄራ ሠራተኞች ከደሞዛቸው ጋር የሆድ ዕቃ ይሰጣቸው ስለነበር የሰፈሩ ሙያ ጨጓራ፣ ምላስና ጭራ ነው። ገበያው ውስጥ ቁጭ ብዬ በቲማቲም የተሠራ ጨጓራ በላሁ፤ ከላይ ናናና የበግ አይብ ጣል ተደርጎበታል። ዱለት የሚወድ ሰው እዚህ አይቸገርም። ገበያው እሁድ ዝግ ነው፣ በሌላውም ቀን ከምሳ በኋላ ስለሚዘጋጋ ቀደም ብላችሁ ድረሱ።